ከጅማ ተነሥቶ ሐይቅ ዳር ለማረፍ፦ ጥሩ ሆቴል በተመጣጣኝ ዋጋ እንዴት ይገኛል?

ባሕር የለንም። የባሕር ዳርቻ ሆቴል የሚሰጠውን ዕረፍት የምናገኘው ከሐይቆቻችን ዳር ነው። ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱና አርባ ምንጭ የበቀለ ሞላና የዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ስም ገና ከመነሣቱ ጀምሮ የሚታወቁ የመዝናኛ ቦታዎች ናቸው፤ ዛሬ ደግሞ ከድንኳን እስከ ባለ አምስት ኮከብ ሪዞርት ድረስ ማደሪያ አላቸው። ችግሩ፣ ስለ ሐይቅ ዳር ዕረፍት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ለአዲስ አበባ ሰው የተቆረጠ መሆኑ ነው። ለእሱ ቢሾፍቱ 47 ኪሎ ሜትር ናት፤ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ማታ ቤቱ ይገባል። ከጅማ የሚነሣ ቤተሰብ ግን አዲስ አበባ ጫፍ ለመድረስ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ያንኑ ምክር ከተከተለ ሁለቱን ቀን መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ የሳምንቱን ውድ ሌሊት ከፍሎ፣ ደክሞት ይመለሳል።

ስለዚህ የጅማ ሰው ስሌት ሌላ ነው። የመንገዱ ወጪ አንድ ሌሊትም ብታድሩ አምስት ሌሊት ያው ነው። ለምሳሌ ለቤተሰቡ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት 12,000 ብር ቢወጣ፣ ሁለት ሌሊት ካደራችሁ በእያንዳንዱ ሌሊት ላይ 6,000 ብር ይጨመርበታል፤ አምስት ሌሊት ካደራችሁ 2,400 ብር ብቻ። ዓመቱን ሙሉ ሦስት አጫጭር ጉዞ ከማድረግ ይልቅ አንዱን ረጅም አድርጎ አንድ ቦታ መቀመጥ ያዋጣል። ከተማ እየቀያየሩ ማደርም እንዲሁ ገንዘብ ይበላል፤ በየቦታው ባጃጅ፣ በየቦታው አዲስ ምሳ ቤት፣ በየቦታው ግማሽ ቀን ዕቃ ማሸግ ነው።

መጀመሪያ ስንት ሌሊት እንዳላችሁ ቁጠሩ

ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ብቻ ካላችሁ ስምጥ ሸለቆን ተዉት። ወሊሶ ይበቃችኋል። ከጅማ 236 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በማለዳ የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል፤ የአዲስ አበባን ትራፊክም አያይም። ወሊሶ ፍል ውሃ ያላት ከተማ ናት፤ በፍል ውሃው ዙሪያ የተሠራው ነባር መዝናኛ ዛፉ ትልልቅ፣ ግቢው ሰፊ ነው። ሐይቁ ደግሞ ወንጪ ነው፦ ከወሊሶ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ የተመረጠ ሲሆን፣ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ዘመናዊ ሎጅ ተሠርቶበታል። እዚያው ሎጅ ማደር ደስ ይላል፤ ዋጋው ግን ከወሊሶ ከተማ ሆቴል ጋር አይወዳደርም። ያዋጣው መንገድ ወሊሶ ማደርና አንድ ሙሉ ቀን ለወንጪ መስጠት ነው። ሐይቁን የከበበው የእሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ከጅማ አየር ለሚመጣ ሰው ብርዱ ቀላል አይደለም። ለልጆች ወፍራም ጃኬት ያዙ። ፈረስና ጀልባ የምትከራዩት ከአካባቢው ማኅበር ነው፤ ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት፣ ደርሶ መልስ መሆኑንና በሰው ወይስ በጀልባ መሆኑን ለይታችሁ ተነጋገሩ።

አራት ሌሊትና ከዚያ በላይ ካላችሁ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ፤ ብዙ ሰው ቅር ብሎት የሚመለሰው ይህን ልዩነት ሳያውቅ ሲመርጥ ነው። ላንጋኖ ከተማ የለውም። ሆቴሉ አሸዋ ዳር ነው፤ ልጆች ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ነገር ግን ቁርስም ምሳም ራትም የምትበሉት እዚያው ሆቴል በሆቴሉ ዋጋ ነው። ስለዚህ ላንጋኖ ላይ የክፍሉ ዋጋ ብቻውን ሙሉ ወጪውን አይነግራችሁም። ሐዋሳ በተቃራኒው ሙሉ ከተማ ናት፤ ርካሽ ክፍል ይዛችሁ ውጭ ትበላላችሁ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ በነጻ ትንሸራሸራላችሁ፣ ባጃጅ እንደልብ ነው። ነገር ግን ሐዋሳ የሚዋኝበት ሐይቅ አይደለም። ገንዘቡ የተወሰነ፣ ልጆቹ ትልልቅ የሆኑ ቤተሰብ ሐዋሳ ይሂድ፤ ትንንሽ ልጆች ያሉት ደግሞ ምግብ ጭምር አስልቶ ላንጋኖ።

አርባ ምንጭ ከአምስት ሌሊት በታች አይመከርም። ሆቴሎቹ ያሉት ከሐይቅ ዳር ሳይሆን ከገደሉ አናት ላይ ነው፤ ከታች አባያና ጫሞ፣ መካከላቸው የእግዜር ድልድይ። እዚያ የምትከፍሉት ለዕይታ ነው። ቢሾፍቱ ለጅማ ሰው በጉዳይ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ሁለት ሌሊት የሚጨምርባት ቦታ ናት እንጂ ራሷን ችላ 400 ኪሎ ሜትር የምታስኬድ አትመስለንም።

ርካሽ ክፍል ሳይሆን ርካሽ ቀን ፈልጉ

ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ዋጋ የሚወጣና የሚወርደው በአዲስ አበባ ሰው አመጣጥ ነው። ላንጋኖ ዓርብ ማታ ይሞላል፣ እሑድ ከሰዓት ይራገፋል። ቅዳሜ ሌሊት ሙዚቃው እስከ ንጋት ሊዘልቅ ይችላል፤ ዕረፍት ፈልጎ ለመጣ ቤተሰብ ደግሞ ይህ ውድ ብቻ ሳይሆን አድካሚ ነው። እሑድ ከሰዓት ገብቶ ዓርብ ጠዋት የሚወጣ እንግዳ ሆቴሉ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ስለሚመጣ ዋጋ ለመጠየቅ አፉ ሙሉ ነው። ከጅማ ለሚነሣ ይህ በደንብ ይገጥማል፦ ቅዳሜ ማለዳ ከጅማ፣ ቅዳሜ ሌሊት ወሊሶ ወይም ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ተራ ሆቴል፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ላንጋኖ።

ሐዋሳና ቢሾፍቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ የሥራ ቀን ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሥልጠናና ዐውደ ጥናታቸውን የሚያካሂዱት እዚያ ነው። በተለይ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ትልልቆቹ ሆቴሎች በስብሰባ ይጨናነቃሉ። ስትደውሉ «በነዚህ ቀናት ስብሰባ አለባችሁ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ካለ፣ ቅናሽ አታገኙም፤ ቁርስ ላይም ትሰለፋላችሁ።

ፈጽሞ የማይኬድባቸው ቀናትም አሉ። ሐዋሳ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ስለሆነ ከየአገሩ ምእመን ይጎርፋል፤ ለንግሡ ካልሆነ በቀር ከዚያ ሳምንት ራቁ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም እንዲሁ ከተማዋን ይሞላታል፤ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለያይ ቀድማችሁ አጣሩ። ቢሾፍቱ ላይ የሆራ አርሰዲ እሬቻ ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት መጨረሻ ይውላል። ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ፣ እንዲሁም ኢድ ከቅዳሜ ጋር ሲያያዝ፣ ሁሉም ቦታ ውድ ነው። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የሆቴሉ ግቢ በሙሉ ለሰርግ ሊያዝ ይችላል፣ እናንተ የከፈላችሁበት መዋኛ ጭምር።

ታዲያ መቼ ይሻላል? ለጅማ ሰው ሁለት ጊዜ እንመርጣለን።

አንደኛው ከቡና ለቀማ በኋላ፣ ሰርጉ ካለፈ ወዲያ፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ያለው የሥራ ቀን ነው። መንገዱ ደረቅ፣ ቡናው ተሽጦ እጅ ላይ ገንዘብ ያለበት ወቅት ነው፤ በጾሙ ምክንያት የአዲስ አበባ መዝናኛ ተጓዥም ይቀንሳል። ረመዳንና ዐቢይ ጾም የሚገጣጠሙበት ዓመት ስላለ ሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ አይታችሁ ወስኑ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ክረምት ነው። ጅማ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ከቤት አያስወጣም። ስምጥ ሸለቆ ግን ሌላ አገር ነው፤ በዝዋይና በላንጋኖ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ጅማ ላይ ከሚዘንበው ግማሽ ገደማ ነው። ዝናቡም ሲመጣ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት መጥቶ ያልፋል፤ ጠዋቱ ለልጆች ይተርፋል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የውጭ አገር ቱሪስት የለም፤ ከሐምሌ ጀምሮ ስብሰባውም ይበርዳል። ቅዳሜና እሑድ ዳያስፖራው ስለሚመጣ ይሞላ ይሆናል፣ የሥራ ቀን ግን ሪዞርቱ እንግዳ ይፈልጋል። ከባዱ ነገር መንገዱ ነው፤ ስለ እሱ ወደ ታች እንመጣለን።

የተነገረውና የሚከፈለው ዋጋ

ሆቴሎች ብዙ ጊዜ በስልክ የሚናገሩት ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ያልተጨመረበትን ዋጋ ነው። ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ፣ ቫት 15 በመቶ ነው፤ ሲደመሩ 25 በመቶ አይደሉም፣ ቫቱ የሚሰላው ሰርቪስ ቻርጁ ከተጨመረ በኋላ ስለሆነ 26.5 በመቶ ይሆናሉ። 4,000 ብር የተባለ ክፍል መጀመሪያ 4,400፣ ከዚያ 5,060 ብር ይሆናል። በአራት ሌሊት ልዩነቱ 4,240 ብር ነው፤ ማለትም አንድ ሌሊት ጨምራችሁ ከፈላችሁ ማለት ነው። ይኸው ስሌት ምግብ ላይም ይሠራል፤ ሜኑው ላይ 400 ብር የተጻፈ ቁርስ ሒሳቡ ሲመጣ 506 ብር ይሆናል።

ሁለት ሆቴል ስታወዳድሩ ታዲያ ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት ዋጋ መልሱ። አንዱ «4,000 ሲደመር ታክስ፣ ያለ ቁርስ»፣ ሌላው «5,500 ሁሉንም ጨምሮ፣ ከሁለት ሰው ቁርስ ጋር» ቢል፣ የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል። ሲሰላ ግን 5,060 ብር ክፍል፣ ከ1,012 ብር ቁርስ ጋር 6,072 ብር ነው። ሁለተኛው በየሌሊቱ 572 ብር ያተርፋችኋል። (ቁጥሮቹ ለስሌት የተቀመጡ ናቸው፤ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የራሳችሁን አስገቡ።)

ስትደውሉ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ፤ ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው፣ ቅናሽ ቀድሞ የጠየቀ ሰው ታክስ ያልገባበት ቅናሽ ይነገረዋልና። «ሁለት አዋቂና ሁለት ልጆች ነን፣ አንዱ 4 ሌላው 9 ዓመቱ፤ ከእሑድ እስከ ዓርብ አምስት ሌሊት እናድራለን። ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ገብቶ፣ ቁርስ ለስንት ሰው ጨምሮ፣ ጠቅላላ ስንት ይሆናል?» ቁጥሩን ጻፉት። ቀጥላችሁ፦ «ልጆቹ በእኛ አልጋ ቢተኙ ይከፈልባቸዋል? ተጨማሪ ፍራሽ ስንት ነው? ቁርሳቸውስ?» የዕድሜ ወሰኑ ከሆቴል ሆቴል ይለያያል፤ አንዱ እስከ 6፣ ሌላው እስከ 12 ዓመት በነጻ ያስተኛል። የቤተሰብ ክፍል የሚባለው አንዳንዴ ከሁለት ክፍል ይረክሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንድ ክፍል ከሁለት ተጨማሪ ፍራሽ ጋር ከእሱ ያንሳል። በመጨረሻ፦ «አምስት ሌሊት ስለሆነ፣ የሥራ ቀንም ስለሆነ፣ ምን ታደርጉልናላችሁ?» ዋጋ መቀነስ ካልቻሉ ሌላ ነገር ጠይቁ፦ ራትን ጨምሮ፣ ወይም አምስተኛውን ሌሊት በግማሽ፣ ወይም ክፍል ዘግይቶ መልቀቅ። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ሠራተኛ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን ላይኖረው ይችላል፤ በትሕትና የሽያጭ ክፍሉን ወይም ሥራ አስኪያጁን እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ።

በኢንተርኔት መያዣ ገጾች ላይ ያለውን ዋጋ ለማነጻጸሪያ ተጠቀሙበት እንጂ እዚያው ለመያዝ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ በዶላር ነው፤ ለአገር ውስጥ እንግዳ በብር የሚሰጠው ዋጋ ሊያንስ ይችላል። እዚያ ከያዛችሁም ሁለት ስሕተት በተደጋጋሚ ሲፈጠር ይታያል። ገጹ የሚጠቀመው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ጥር 12 ብሎ ያሰበ ሰው ጃንዋሪ 12 ላይ ከያዘ ስምንት ቀን አስቀድሞ ነው የያዘው፣ ገንዘቡም ላይመለስ ይችላል። ሰዓቱም እንዲሁ፦ «ቼክ ኢን 2» ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት፣ «ቼክ አውት 12» ማለት ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ነው። በስልክ ስትይዙም ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከሳምንቱ ቀን ጋር ተናገሩና በጽሑፍ መልእክት እንዲያረጋግጡላችሁ አድርጉ።

ቀብድ በቴሌብርም በባንክም ይላካል፤ የምትልኩበት ሒሳብ ግን የሆቴሉ ስም የወጣበት ይሁን። በግለሰብ ስም ላኩ ከተባላችሁ፣ ወይም በቴሌግራምና በፌስቡክ ብቻ የሚያናግራችሁ ሰው ከሆነ፣ አቁሙና የሆቴሉን መደበኛ ስልክ ከሌላ ምንጭ ፈልጋችሁ አረጋግጡ። የአንድ ሌሊት ቀብድ በቂ ነው። ሙሉውን ቀድሞ መክፈል የሚያዋጣው ግልጽ ቅናሽ ካስገኘና ብትቀሩ ስንት እንደሚመለስ በጽሑፍ ካገኛችሁ ብቻ ነው።

በጣም ውስን በጀት ያለው ደግሞ ላንጋኖ ላይ ድንኳን ይዞ መሄድ ይችላል፤ አንዳንድ ሆቴሎች ድንኳን መትከያ ያከራያሉ። የመጸዳጃና የሻወር አገልግሎት መጨመሩን፣ ሌሊት ዘበኛና መብራት መኖሩን ጠይቁ። ከሐይቁ ጥቂት ራቅ ባለ፣ ነፋስ የሚከልል ዛፍ ባለበት ትከሉ።

መንገዱ

በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከሚነሣው ተሳፈሩ፤ ትኬት ከአንድ ቀን በፊት ይቆረጥ። በሰርቦ፣ አሰንዳቦና ሶኮሩ አልፎ፣ ግቤ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ወልቂጤ፣ ከዚያ ወሊሶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዲስ አበባ ላይ ነው፦ ከጅማ በሰበታና በዓለም ገና በኩል በምዕራብ ትገባላችሁ፣ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው መኪና ደግሞ ከቃሊቲ በኩል ነው። ከዳር እስከ ዳር ከተማዋን ማቋረጥ ብቻውን ሰዓታት ይበላል። በአንድ ቀን ጅማ-ሐዋሳ ብሎ ማቀድ ከማታ ጉዞ ላይ ይጥላል፤ አዲስ አበባ አድራችሁ ማለዳ ቀጥሉ። ስትመርጡም የማታውን አልጋ ቃሊቲ በኩል ያዙት፣ የማለዳው ትራፊክ ሳይጀምር እንድትወጡ።

የራሳችሁ መኪና ካላችሁ አዲስ አበባ መግባት አያስፈልጋችሁም። ዓለም ገና ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ በመልካ ቁንጡሬና በጢያ በኩል ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ የሚወስደው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ላንጋኖ ቅርብ ነው። ጢያ ላይ የድንጋይ ትክሎቹን ለማየት አንድ ሰዓት ስጡ፤ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፣ ልጆችም እግራቸውን ያፍታታሉ።

ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ሐዋሳ በጭዳ፣ በተርጫና በሶዶ የሚወስድ መንገድም አለ። በካርታ ሲታይ አጭር ነው፤ ነገር ግን ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይታችሁ ሰዓት አትገምቱ፣ በክረምትም ከመነሣታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ሳምንት የተመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ። በዚያው አቅጣጫ ዳውሮ ውስጥ የሃላላ ኬላ ሪዞርት አለ፤ ከግቤ ሦስት ግድብ የተፈጠረው ሐይቅ ዳር ነው። ለጅማ ሰው አዲስ አበባን ሳይነካ የሚደርስበት እውነተኛ ሐይቅ ዳር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ዋጋው ግን ከከፍተኛው መደብ ነው፤ የሥራ ቀን ዋጋ ጠይቁ።

በየትኛውም አቅጣጫ ሂዱ፣ በሌሊት አትጓዙ። ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀን የመንገዱን ደኅንነት የትራንስፖርት ሠራተኞችንና መድረሻችሁ ያለውን ሆቴል ጠይቁ። ሁሉም አዋቂ የታደሰ መታወቂያ ይያዝ፤ ኬላ ላይም ሪሴፕሽን ላይም ይጠየቃል።

ሁለት ሰው ከሆናችሁና ያላችሁ ቀን አጭር ከሆነ አውሮፕላንን አትናቁ። ጅማ-አዲስ አበባ አንድ ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳም ወደ አርባ ምንጭም ይበረራል። የሁለት ቀን መንገድ፣ የመሸጋገሪያ አልጋና የመንገድ ምግብ ሲደመር ልዩነቱ ከምታስቡት ይጠባል። አምስት ሰው ላለበት ቤተሰብ ግን አይሆንም።

ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት

ሻንጣ ሳይገባ ክፍሉን እዩ። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ቦይለሩ በፀሐይ የሚሠራ ከሆነ ማታ እንጂ ጠዋት ሙቅ ላይኖር ይችላል። የመስኮቱ ወንፊት ያልተቀደደ መሆኑን፣ አጎበር መኖሩንና ቀዳዳ አለመኖሩን፣ የበሩ ቁልፍ ከውስጥ መዝጋቱን ተመልከቱ። ጄኔሬተሩ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቁ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃ የሚገፋው ፓምፕም አብሮ ሊቆም ስለሚችል ጥያቄው የብርሃን ብቻ አይደለም። ባሩ በየት በኩል እንደሆነ አይታችሁ ከእሱ የራቀ ክፍል ጠይቁ፤ ባዶ ሳምንት ከሆነ ያለ ጭማሪ ይቀይሩላችኋል።

ሐይቅ የሚያሳይ ክፍል ላንጋኖና ሐዋሳ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ አያዋጣም፤ ቀኑን ሙሉ ዳር ላይ ናችሁ፣ የጓሮው ክፍል ጸጥታም አለው። አርባ ምንጭ ላይ ግን ወደ ሐይቆቹ የዞረውን ክፍል ያዙ፤ እዚያ የመጣችሁበት ነገር እሱ ነው። የኮከብ ቁጥር የሚናገረው ስለ መገልገያው እንጂ ሆቴሉ ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ አይደለም፤ «ሐይቅ» የሚል ስም ያለው ሆቴል ሁሉም ሐይቅ ዳር አይደለምና «ከግቢያችሁ ወጥቼ ውሃው ዳር ለመድረስ ስንት ደቂቃ በእግር?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ውሃው

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ቀለሙ በውሃው ውስጥ ከተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር የመጣ እንጂ የቆሻሻ አይደለም፤ ከቢልሃርዚያ ነጻ ተብሎ የሚታወቀውም እሱ ነው። ጠዋት ውሃው ዝም ያለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበል ይፈጥራል። ልጆችን የምታዋኙት ጠዋት ይሁን። ውሃው ቡናማ ስለሆነ አንድ ክንድ ጠልቆ የገባ ልጅ አይታይም፤ ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ልብስ አልብሱ፣ አንድ አዋቂም ስልኩን አስቀምጦ ከወገብ በማይበልጥ ጥልቀት አብሯቸው ይቁም።

ዝዋይ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ አትግቡ። ሐዋሳም ለመዋኘት አይሆንም፣ ጉማሬም አለበት፤ መዋኘት የሚፈልግ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ይግባ ወይም ለቀኑ ብቻ ከፍሎ ይጠቀም። ርካሽ ሆቴል አድሮ አንድ ቀን ብቻ የትልቁን ሪዞርት ገንዳ በመግቢያ ክፍያ መጠቀም በሁሉም ቦታ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ክፍያው ምሳን ወይም መጠጥን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ጫሞና አባያ የአዞ ቤት ናቸው፣ እግር እንኳ አይነከርም። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ዳርቻቸው ጥቂት ተራምዶ በድንገት ይዘቀዝቃል፤ ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዋና የማይችል ሰው ዳር ላይ «ትንሽ ልግባ» ማለት የለበትም። ጀልባ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጅም በልኩ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ ሰዓቱም ማለዳ ይሁን።

ወባ በተለይ አርባ ምንጭ ላይ ከባድ ነው፤ የከተማዋ ከፍታ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዝናብ በኋላ ያሉት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉ ወራት የባሰ ናቸው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ባለሙያ አማክሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ሳትዘገዩ ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ንገሩ።

ምግብና ሒሳብ

ቁርስ የተጨመረበት ክፍል ከሆነ ዘግይታችሁ፣ 3 ሰዓት አካባቢ፣ በደንብ ብሉ፤ ምሳ በትንሽ ነገር ያልፋል፣ ራት ይቀራል። ከጅማ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና ለቤተሰቡ የሚበቃ ቡና ያዙ። ላንጋኖ ላይ የአንድ ቀን የልጆች መክሰስ በሆቴል ዋጋ ሲገዛ ምን ያህል እንደሚሆን ከመነሣታችሁ በፊት በሜኑው ላይ አስሉት፤ ሜኑውን በቴሌግራም ላኩልን ማለት ነውር የለውም። የራስ ምግብ ማስገባት የሚከለክሉ ሆቴሎች አሉና አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሙስሊም ሥጋ ለምትፈልጉ፣ ወጥ ቤቱ ለይቶ እንደሚያዘጋጅ በስልክ አረጋግጡ፤ ካልሆነ አሳ ሁሌም አለ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ማለዳ ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ ተጠብሶ ይበላል፤ ዋጋውን ቁጭ ከማለታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ በአንድ አሳ ወይስ በሳህን እንደሆነም ለዩ። ጥሬውን የሚበሉ አሉ፣ ለልጆች ግን የተጠበሰው ይሻላል።

ሒሳብ በየቀኑ ማታ ይታይ እንጂ ለመጨረሻው ጠዋት አይቆይ። ክፍል ላይ ጻፉት የተባለ ለስላሳና ሻይ ሁሉ በአምስት ቀን ውስጥ ይጠፋባችኋል፤ የቸኮለ ተጓዥ ደግሞ አይከራከርም። በመጨረሻው ቀን ዋዜማ፣ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ፣ ሒሳቡን አስዘጉና ቀብዱ መቀነሱን አይታችሁ የታተመ ደረሰኝ ተቀበሉ። ቁርስ ሳይጀምር የምትነሡ ከሆነም ያኔውኑ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ የተከፈለበትን ቁርስ እንቁላልና ዳቦ አድርገው ያሽጉላችኋል።